ማዕከል የሌለው ገንዘብና የንባቡ መሣሪያ፦ ከመተማ ገበያ ታሪክ በመነሣት

መተማ በታሪክ መጻሕፍት ስትነሣ በቅድሚያ የሚታወሰው መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የተደረገው ጦርነት ነው። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በዚያ ቀን ከደርቡሽ ሠራዊት ጋር ሲዋጉ ቆስለው በማግሥቱ ዐረፉ፤ የድንበሯ ከተማም እስከ ዛሬ መተማ ዮሐንስ እየተባለች ትጠራለች። ተማሪው ስለዚህች ከተማ የሚያውቀው ከዚህ እምብዛም አያልፍም። ይሁን እንጂ ከጦርነቱ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ ለመተማ ህልውና መሠረት የሆነው ገበያዋ ነው። የገበያው ታሪክ ደግሞ በቅርብ ዓመታት በዓለም የገንዘብ ሥራ ውስጥ ለተነሣ አንድ ጥያቄ፣ ይኸውም አዛዥና ማዕከል በሌለው ገንዘብ ላይ እርግጠኛ መረጃ እንዴት ሊገኝ ይችላል ለሚለው ጥያቄ፣ ከሩቅ አገር ምሳሌ ይልቅ ቅርብ የሆነ ማስረጃ ያቀርባል።

ጠገራ ብር በድንበር ገበያ

በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት መተማ ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሱዳን ለሚወርደው የንግድ መሥመር ዋና በር ነበረች። ከደጋው ቡና፣ ሰም፣ ዝባድ፣ ከብትና ፈረስ ይወርድ ነበር፤ ከሁሉም የከፋው ንግድ፣ የሰው ልጅ ሽያጭም፣ በዚሁ ገበያ ይካሄድ ነበር። ከሱዳን በኩል ጨርቃ ጨርቅ፣ ዶቃና የብረታ ብረት ዕቃ፣ በተለይም የብር ገንዘብ ይገባ ነበር። አካባቢውን ያስተዳድሩ የነበሩት ወደ መካ ለመሳለም ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር ተነሥተው በዚያው ከሰፈሩት ከተክሩሮች ወገን የሆኑ ሼኮች ሲሆኑ፣ እነርሱም ለግብጽም ለኢትዮጵያም ግብር ይከፍሉ ነበር። ገበያው በሁለት ኃይሎች መካከል የቆመ እንጂ ለአንዱ ብቻ ያደረ አልነበረም ማለት ነው።

እንዲህ ባለው ስፍራ ሻጭና ገዢ የተማመኑበት ገንዘብ የሁለቱም መንግሥታት አልነበረም። እርሱም የኦስትሪያ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ የተቀረጸበት፣ በአገሬው አጠራር ጠገራ ብር የተባለው ገንዘብ ነው። ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ሞታለች፤ ከዚያ በኋላ የተመታው ጠገራ ብር ሁሉ ግን የሚሸከመው ያንኑ የ1780 ዘመን ነው። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን ከዚሁ ውስጥ 23.4 ግራም ገደማ ንጹሕ ብር ነው። አስገራሚው ነገር፣ ይህ ገንዘብ በገዛ አገሩ በኦስትሪያ ሕጋዊ መገበያያነቱ በ1858 እ.ኤ.አ. ሲቀር፣ በቀይ ባሕር ዙሪያና በኢትዮጵያ ግን ተፈላጊነቱ እንደጸና መቆየቱ ነው። ቪየና በመተማ ላይ ምንም ሥልጣን አልነበራትም፤ ብሩን የሚያስከብር ዳኛም ሆነ ባንክ በቆላው አልነበረም። ከ1935 እ.ኤ.አ. ወዲህማ ጣሊያን የቅርጹን ማኅተም አግኝታ በሮም ስታስመታ፣ ለንደንና ፓሪስ፣ ቆየት ብሎም ቦምቤይ ያንኑ መልክ፣ ያንኑ ክብደትና ያንኑ የ1780 ዘመን ጠብቀው አስመትተዋል። ባለቤቱ ብዙ፣ ደንቡ ግን አንድ ሆነ።

ገንዘቡ የታመነው መረጃውን በራሱ ላይ ስለተሸከመ ነው። የንግሥቲቱ የራስ ጌጥ፣ በትከሻዋ ላይ ያለው የመርፌ ጌጥ ዙሪያ የተደረደሩት ዘጠኝ ዕንቁዎች፣ ከሥር ያሉት ኤስ እና ኤፍ የተባሉ የላቲን ፊደላት፣ በጠርዙ ላይ የተቀረጸው ጽሕፈት ሁሉ አንድ በአንድ ይመረመሩ ነበር። ላቲን ማንበብ የማይችል ነጋዴ ዕንቁዎቹን በጣቱ ይቆጥራል፤ ዕንቁው የፈዘዘ፣ የተበሳ ወይም የተላገ ብር ይመለስበታል። በ1862 እ.ኤ.አ. በዚህ ቆላ ያለፈው እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር ከትላልቅ ገንዘቦች ውስጥ በአገሩ የሚሠራው ይህ ብቻ መሆኑን መዝግቧል። እንግሊዞችም በ1867 እ.ኤ.አ. አፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ሲዘጋጁ በወርቅ ፓውንዳቸው ስንቅና አጋሰስ መግዛት እንደማይቻል ተረድተው በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር አዲስ ጠገራ ብር በቪየና አስመትተዋል። የዓለም ባለጸጋ የነበረው መንግሥት እንኳ በገበሬውና በነጋዴው የንባብ ደንብ መገዛት ግድ ሆኖበታል።

ይህ ንባብ ግን የሚደርስበት ወሰን ነበረው። የመተማው ነጋዴ በእጁ ያለው ብር ትክክለኛ መሆን አለመሆኑን ከማንም በተሻለ ያውቃል። ያ ብር በዓለም ገበያ ስንት እንደሚያወጣ ግን ከገንዘቡ ፊት ላይ ሊያነብ አይችልም። ጀርመን ከ1871 እ.ኤ.አ. በኋላ ወደ ወርቅ መለኪያ ስትሸጋገርና ሌሎችም ሲከተሏት የብር ዋጋ በለንደን ገበያ ማሽቆልቆል ጀመረ፤ በ1870ዎቹ መጀመሪያ አንድ አውንስ ብር 60 ፔንስ ያህል ይሸጥ የነበረው በ1894 እ.ኤ.አ. ከግማሽ በታች ወረደ። ዕንቁው ዘጠኝ ነው፣ ክብደቱ ሙሉ ነው፣ ፊደሉም አልጠፋም፤ ዳሩ ግን ሀብቱን ሁሉ በጠገራ ብር የቀበረ ሰው በእነዚያ ዓመታት በወርቅ ሲሰላ ግማሹን አጥቷል። ወሬው ለወደብ ነጋዴዎች በቴሌግራፍ ሲደርስ ለመተማው የሚደርሰው በዕቃው ዋጋ መወደድ ነበር፤ ይህም ዘግይቶ የሚደርስ ወሬ ነው።

ስለዚህ በማናቸውም ገበያ ሁለት ዓይነት መረጃ እንዳለ ከዚህ እንገነዘባለን። አንደኛው በነገሩ በራሱ ውስጥ ያለውና በቅርብ ተመርምሮ የሚረጋገጠው ነው። ሁለተኛው ከውጭ የሚመጣው፣ ነገሩ ከሌላው ጋር ሲነጻጸር የሚያወጣው ዋጋ ነው። በመጀመሪያው የሠለጠነ ሰው በሁለተኛው ሊታለል ይችላል። የዚህ ልዩነት ነገር ጠገራ ብር ከገበያ ከወጣ በኋላም አልቀረም። አፄ ምኒልክ በ1894 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን ብር ቢያስመቱም በሰሜኑ ክፍል ጠገራውን አልተካውም፤ የሥራ ዘመኑን እያበቃ የሄደው ሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ከታወጀ በኋላ ነው። በ1902 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ የወሰን ውል ደግሞ ጋላባትን በሱዳን፣ መተማን በኢትዮጵያ በኩል አድርጎ ገበያውን በአንድ ጅረት ግራና ቀኝ ከፍሎታል።

የሰሊጥ ዋጋ ሰሌዳ

በዛሬው የምዕራብ ጎንደር ዞን፣ በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ ቆላ፣ ቡናና ሰም የነበረበትን ስፍራ በዋናነት የያዘው ሰሊጥ ነው። ሰሊጥ ፋታ የማይሰጥ ሰብል ነው። አዝመራው በደረሰበት ሰሞን ካልታጨደ ቆባው ይከፈትና ፍሬው ይረግፋል። በመሆኑም ገበሬው በጥቅምትና በኅዳር ከደጋ ለሚወርደው አጫጅ ደመወዝ የሚሆን ገንዘብ በአንድ ጊዜ ያስፈልገዋል፤ ብዙውን ጊዜም ገና ከማሳ ሳይነሣ ምርቱን ለመሸጥ ወይም በምርቱ ላይ ለመበደር ይገደዳል። በዚያች ሰዓት ዋጋውን የሚነግረው ገዢው ራሱ ወይም የገዢው ደላላ ከሆነ የውሉ ሚዛን ወዴት እንደሚያጋድል ግልጽ ነው።

ይህን ለማሻሻል ከተደረጉት ሙከራዎች ሁሉ የሚጎላው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ መቋቋም ነው። ድርጅቱ በአዋጅ ቁጥር 550/1999 ተቋቁሞ ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ግብይት ጀመረ፤ የመጀመሪያዋ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን ነበሩ። ሰሊጥም ጥቂት ዓመት ሳይቆይ በዚሁ በኩል እንዲገበያይ ተደረገ፤ መተማም የመረከቢያ መጋዘን ካገኙት ስፍራዎች አንዷ ሆነች። አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ምርቱ ወደ መጋዘን ሲደርስ ናሙና ይወሰድለታል፤ እርጥበቱ፣ ቀለሙና ባዕድ ነገሩ ተመርምሮ ደረጃ ይሰጠዋል፤ የሁመራና የጎንደር ነጭ ሰሊጥ የራሱ መደብ አለው። ከዚያ ተመዝኖ በኤሌክትሮኒክ የመጋዘን ደረሰኝ ይመዘገባል። ገዢው በአዲስ አበባ ሆኖ የሚገዛው ያላየውን ሰሊጥ ሳይሆን ደረጃውንና ደረሰኙን ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ገዢና ሻጭ በግብይቱ ወለል ላይ ዋጋ እየጠሩ በመዳፍ ምት ይዋዋሉ ነበር፤ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግብይቱ ወደ ኮምፒውተር ተሸጋገረ።

እዚህ ላይ የጠገራ ብሩን ሁለት ንባቦች መልሶ ማየት ይገባል። የላቦራቶሪው ደረጃ ከዕንቁ ቆጠራው ጋር ይነጻጸራል፤ ነገሩን በራሱ ውስጥ ካለው ያነብባል። ነጋዴው በመተማ ያጣው የነበረውን ሁለተኛውን ንባብ ደግሞ ምርት ገበያው በዋጋ ሰሌዳ ለመሙላት ሞከረ። በየክፍለ ሀገሩ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳዎች ተተከሉ፤ ዋጋው በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በጋዜጣ ተነገረ፤ በአጭር የጽሑፍ መልእክትና በ929 የስልክ ቁጥር በድምፅ እንዲሰማም ተደረገ። ማንበብ ለማይችል ገበሬ የዚህ የድምፅ አገልግሎት ጥቅም በቀላሉ የሚገመት አይደለም።

ነገር ግን ሰሌዳውን ማየትና ሰሌዳውን ማንበብ አንድ አይደሉም። የቡና ዋጋ የሚነገረው በፈረሱላ ማለትም በ17 ኪሎ ግራም ሲሆን የሰሊጥ ዋጋ የሚነገረው በኩንታል ነው። የሰሌዳው ዋጋ የሚናገረው በተወሰነ መጋዘን ስለተረከበ፣ የተወሰነ ደረጃ ስላለው ሰሊጥ ነው። የመጫኛ፣ የጆንያ፣ የማበጠሪያ ወጪና የብድር ወለድ በውስጡ የለም። ይህን ሁሉ ቀንሶ ከማሳው ዳር ዋጋ ጋር ያላነጻጸረ ሰው ሰሌዳውን አይቶ «ተታለልኩ» ሊል ይችላል፣ ሳይታለል፤ ወይም ሳይገባው ሊታለል ይችላል። ከድንበሩ ማዶ ደግሞ የገዳሪፍ የእህል ጨረታ ገበያ አለ። የገዳሪፍ ዋጋ በሱዳን ገንዘብ የሚነገር በመሆኑ ሌላ ምንዛሬ፣ ሌላ ስሌት ይጠይቃል። በሁለት ገበያ መካከል የሚኖር ገበሬ እንግዲህ ዛሬም እንደ ተክሩር ዘመን ሁለት ወሬ ይሰማል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ በመተማ በኩል የገባው ስደተኛ ብዙ እንደነበረ ይታወሳል፤ የአንድ ጎረቤት ጦርነት የሌላውን የገበያ ወሬ ሳይነካው አያልፍም።

ለሁሉም የተከፈተ መዝገብ

ምርት ገበያው ማዕከል ያለው ድርጅት ነው፤ ሰሌዳው ቢሳሳት የሚጠየቅ አለ። ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዓለም የታየው አዲስ አሠራር ግን ወደ ጠገራ ብሩ ጠባይ የተመለሰ ይመስላል። በዚያ ዓመት ሥራ የጀመረው ኢተርየም የተባለው የብሎክቼይን መረብ፣ አንድ መዝገብ በብዙ ሺህ ኮምፒውተሮች ላይ በአንድነት እንዲጻፍና ማንም ብቻውን እንዳይሰርዘው የሚያደርግ ነው። በዚህ መዝገብ ላይ ራሳቸውን የሚያስፈጽሙ ውሎች ተጻፉ፤ ሜከር፣ ኮምፓውንድና ዩኒስዋፕ የተባሉት ከታወቁት መካከል ናቸው። አንዱ በመያዣ ያበድራል፣ ሌላው ገንዘብ ይመነዝራል፤ የባንክ ጸሐፊ በመካከሉ የለም። እነዚህ ውሎች ፕሮቶኮል ይባላሉ፤ ጠቅላላ አሠራሩም ያልተማከለ የገንዘብ አገልግሎት፣ በአጭሩ ዲፋይ፣ ተብሏል። በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በሰኔ 2014 ዓ.ም. ባወጣው ማሳሰቢያ የአገሪቱ ሕጋዊ መገበያያ ብር ብቻ መሆኑን አስታውቋል፤ ስለዚህ ነገሩ እዚህ የሚነሣው ለዕውቀት እንጂ ለአጠቃቀም አይደለም።

መዝገቡ ለማንም የተከፈተ ነው። ታዲያ ለምን የንባብ መሣሪያ አስፈለገ? መምህር ይህን ከክፍል መጥሪያው በቀላሉ ይረዳዋል። መጥሪያው የተጻፈው በቀን ተራ ነው፤ ዛሬ ማን እንደቀረ ለማወቅ አንድ ገጽ ይበቃል። አንድ ተማሪ በዓመቱ ስንት ቀን እንደቀረ፣ ወይም በገበያ ቀን የሚቀሩት ልጆች እነማን እንደሆኑ ለማወቅ ግን ገጹን ሁሉ አገላብጦ ሌላ ዝርዝር ማውጣት ያሻል። የኢተርየም መዝገብ በየ12 ሴኮንዱ አንድ ገጽ፣ በቀን 7,200 ገጽ፣ በዓመት ከ2.6 ሚሊዮን በላይ ገጽ ይጻፍበታል፤ በእያንዳንዱም ገጽ የብዙ ሰው ልዩ ልዩ ጉዳይ ተደባልቆ ይገኛል። «ባለፈው ወር በዚህ ፕሮቶኮል ስንት ተበደሩ፣ በስንት ወለድ?» ለሚል ቀላል ጥያቄ መልሱ በመዝገቡ ውስጥ ቢኖርም ተፈልጎ አይገኝም።

ይህን ችግር ለማቃለል ከተሠሩት ሶፍትዌሮች መካከል ዘ ግራፍ የተባለው በሰፊው ይታወቃል። አሠራሩ ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል። በመጀመሪያ የትኛው ውል፣ ከየትኛው ገጽ ጀምሮ እንደሚጠበቅ ይነገረዋል። ቀጥሎ የሚወጣው ዝርዝር ምን ምን ዓምድ እንዳለው ይወሰናል። በመጨረሻም በመዝገቡ ላይ የተጻፈው እያንዳንዱ ድርጊት ወደየትኛው ዓምድ እንዴት እንደሚገለበጥ ደንብ ይጻፍለታል። ሶፍትዌሩ መዝገቡን ከመጀመሪያው እያነበበ ዝርዝሩን ያዘጋጃል፣ አዲስ ገጽ ሲጻፍም ያድሰዋል፤ ጠያቂው ግራፍኪውኤል በተባለ የመጠየቂያ ቋንቋ የሚፈልገውን ዓምድ ብቻ ጠርቶ ያወጣል። የዕንቁ ቆጣሪው ሙያ ወደ ጽሑፍ ተለወጠ ቢባል ስሕተት አይሆንም።

የሙያው አስቸጋሪ ክፍል እንደ ፈረሱላና ኩንታሉ የመለኪያ ጉዳይ ነው። መዝገቡ ነጥብ ያለው ቁጥር አይጽፍም። ዳይ የተባለው ገንዘብ አንዱ አሐድ በ1 ላይ 18 ዜሮ ተጨምሮ ሲጻፍ፣ ዩኤስዲሲ የተባለው በ1 ላይ 6 ዜሮ ተጨምሮ ይጻፋል። ይህን ለይቶ ያላወቀ የንባብ ደንብ አንዱን ከሌላው ጋር ሲደምር በሚሊዮን ሚሊዮን እጥፍ ይሳሳታል። በተጨማሪም አንዱ ፕሮቶኮል «ብድር» ያለውን ሌላው በሌላ ስም ስለሚጠራው፣ ብዙዎቹን በአንድ ወጥ ዓምድ ለማንበብ የጋራ ስያሜ ማውጣት አስፈልጓል። የአገር ማለፊያ ፈተና ውጤትን ከልዩ ልዩ ትምህርት ቤቶች መዝገብ የሰበሰበ የትምህርት ባለሙያ ይህን ድካም ሳይነገረው ያውቀዋል። በነገራችን ላይ፣ ማዕከል የሌለው መዝገብ ንባብ ለረጅም ጊዜ ይከናወን የነበረው የዘ ግራፍ መሥራቾች በሚያስተዳድሯቸው ኮምፒውተሮች ነበር፤ ይህ አገልግሎት የተዘጋውና ሥራው ወደ ብዙ አንባቢዎች የተዛወረው በ2024 እ.ኤ.አ. ነው። ገንዘቡ ማዕከል ባይኖረውም ንባቡ ማዕከል ነበረው።

ሁለተኛው ንባብ፣ የውጭው ዋጋ፣ እዚህም አልተፈታም። በመያዣ የሚያበድር ውል መያዣው ስንት እንደሚያወጣ ማወቅ አለበት፤ ይህ ግን በመዝገቡ ውስጥ ብቻ የሚገኝ ስላልሆነ ከገበያ ዋጋ የሚያቀብል ሌላ ሥርዓት ያስፈልጋል። በጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ማንጎ ማርኬትስ በተባለ፣ በሌላ ተመሳሳይ መረብ ላይ በሚሠራ ፕሮቶኮል፣ አንድ ተገበያይ ራሱ በብዛት እየገዛ የአንድን ቀጭን ገንዘብ ዋጋ ለጥቂት ጊዜ ሰቀለው፤ ዋጋው እንደተሰቀለ ያንኑ መያዣ አድርጎ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። መዝገቡ አንዲት ፊደል አልሳተም። ድርጊቱ ሁሉ በትክክል ተጽፏል፤ ሐሰት የነበረው ዋጋው ነው። በለንደን የወረደውን ብር በሙሉ ዋጋው ቆጥሮ የቀበረው ነጋዴ እዚህ በሌላ ልብስ ይታያል።

ወደ መማሪያ ክፍል

በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስቴር ካርዳኖ በተባለው ብሎክቼይን አማካይነት የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችንና የ3,500 ትምህርት ቤቶችን የትምህርት መረጃ ለመመዝገብ ማቀዱ በተገለጸ ጊዜ፣ ወሬው ሁሉ ስለ አመዘጋገቡ ነበር። ማን ያነብበዋል፣ በምን ዓምድ፣ በምን መለኪያ የሚለው ጥያቄ ግን ለአቃጁ ከምዝገባው የሚያንስ አይደለም። ይህን ጥያቄ በተማሪው አእምሮ ለመትከል ኮምፒውተር መጠበቅ አያሻም። ለምዕራብ ጎንደር ቆላ ትምህርት ቤቶች ከሰሊጥ የቀረበ መነሻ የለምና፣ በሂሳብ ክፍለ ጊዜ የሚከተለውን ዓይነት ስሌት መስጠት ይቻላል፤ ቁጥሮቹ ለስሌት ያህል የተወሰዱ ናቸው።

በሰሌዳው ላይ የሰሊጥ ዋጋ በኩንታል 10,000 ብር ነው። ገበሬው 20 ኩንታል አለው፤ ሲበጠር 19 ይሆናል። በኅብረት ሥራ ማኅበሩ በኩል ወደ መጋዘን ቢያስገባ 190,000 ብር ያገኛል። ለጆንያ፣ ለጭነትና ለማጓጓዣ 6,000፣ ለአገልግሎት 2,000 ብር ይከፍላል፤ ገንዘቡ እስኪመጣ ለአጫጆች ደመወዝ በተበደረው ላይ 4,000 ብር ወለድ ይጨመርበታል። የሚተርፈው 178,000 ብር ነው። ማሳ ድረስ የመጣው ነጋዴ ሳይበጠር በኩንታል 8,700 ብር፣ በጠቅላላው 174,000 ብር በእጅ ይሰጠዋል። መጋዘኑ በ4,000 ብር ይበልጣል ማለት ነው። ዳሩ ግን ምርቱ መጋዘን ገብቶ እስኪሸጥ የሰሌዳው ዋጋ በኩንታል 300 ብር ቢወርድ ገበሬው 5,700 ብር ያጣል፤ ያን ጊዜ የነጋዴው 174,000 በ1,700 ብር ይበልጣል።

ከእነዚህ ቁጥሮች በሰሌዳና በስልክ የሚገኘው 10,000ው ብቻ ነው። አንዱ ኩንታል በብጠራ እንደሚቀነስ የሚያሳየው ናሙናው ነው፤ የማጓጓዣውን ሾፌሩ፣ የአገልግሎቱን ማኅበሩ፣ የወለዱን አበዳሪው ይናገራሉ፤ የ300 ብሩ መውረድ ግምት ነው። ተማሪው በእያንዳንዱ መሥመር ፊት ለፊት ቁጥሩን ከማን እንዳገኘው፣ በምን መለኪያና በየትኛው ቀን እንደተነገረ እንዲጽፍ ማድረግ ከመልሱ እኩል ነጥብ ሊሰጠው የሚገባ የሥራው ክፍል ነው።